ዘፈኑን ገዛችሁ፤ ቁልፉ ግን ማን ጋ ነው? የስቲቭ ጆብስን ደብዳቤ እንደገና ስናነበው

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፑን ላከልኝ። ውስጡ "ሙዚቃ" የሚል ፎልደር አለ፤ ፎልደሩ ውስጥ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ዘፈኖች። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ፣ ማታ ማታ እየሠራ ባገኘው ገንዘብ፣ ከአንድ የኦንላይን መደብር አንድ በአንድ የገዛቸው ናቸው። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ወደ ስልኬ ገለበጥኳቸው። አንዱም አልከፈት አለ። ላፕቶፑ ላይ ሞከርኩ። ወንድሜ ከመላኩ በፊት ፋይሎቹን አስቀርቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖት ስለነበር፣ ላፕቶፑም "ይህ ኮምፒውተር ፈቃድ የለውም" ብሎ መለሰልኝ። ደውዬ ስጠይቀው በሳቅና በንዴት መካከል ሆኖ፣ "አካውንቱን የከፈትኩበት ኢሜይል እኮ ከተዘጋ ቆየ" አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሰፈራችን ያለው ሱቅ ሄጄ ሚሞሪ ካርዴ ላይ ሙዚቃ አስጫንኩ። ሠራ። ጓደኛዬ ስልክ ላይ ከተትኩት፤ ሠራ። ከዓመት በኋላ ስልክ ቀየርኩ፤ አሁንም ሠራ።

እስቲ አስቡት። ለዘፈኑ ወደ አራት መቶ ዶላር የከፈለው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም ያላደረሰው እኔ ግን እንዳሻኝ አዳምጣለሁ። የቅጂ መከላከያ የሚባለው ነገር የተሠራው ሌባን ለማስቆም ከነበረ፣ እዚህ ጋ ያስቆመው ማንን ነው?

ይህ ጥያቄ ለዓመታት አብሮኝ ኖረ። ኢንጂነሪንግ ስማር ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አገኘሁና መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳነበው ግን ግማሹን መልስ ብቻ የያዘ ሆኖ ታየኝ። ጽሑፉን አብረን እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደብዳቤው

ፌብሩዋሪ 6፣ 2007 የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቭ ጆብስ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አንድ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "ስለ ሙዚቃ ያሉኝ ሐሳቦች" እንደማለት ነው። ዛሬ ስልክ ያልገባበት ቤት የለም፤ ያኔ ግን ሙዚቃን ኪስ ውስጥ ያስገባው አይፖድ የሚባለው የአፕል ማጫወቻ ነበር። ለአይፖዱ ዘፈን የሚሸጠው ደግሞ በኤፕሪል 2003 የተከፈተው የአይቱንስ መደብር ነው፤ አንዱ ዘፈን በ99 ሳንቲም።

ከመደብሩ የሚገዙት ዘፈኖች ፌርፕሌይ በሚባል የአፕል መቆለፊያ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። በሌላ ኩባንያ ማጫወቻ አይከፈቱም። ከሌላ መደብር የተገዛ የተቆለፈ ዘፈን ደግሞ አይፖድ ላይ አይሠራም። ጀበና ገዝታችሁ "ከእኛ ሱቅ የተገዛ ቡና ብቻ ነው የሚፈላበት" ብትባሉ ምን ይሰማችኋል? አውሮፓ ውስጥ የነበሩ የሸማቾች ተቋማት የተሰማቸው እንደዚያ ነው። ደብዳቤው ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት የኖርዌይ የሸማቾች እንባ ጠባቂ የአፕልን አሠራር ከሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ከባዶ ሜዳ የመጣ የፍልስፍና ጽሑፍ አይደለም። ለተከሰሱበት ጉዳይ የተሰጠ መልስ ነው፤ እንደዚያ ሆኖ መነበብ አለበት።

ጆብስ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው። መቆለፊያውን የጠየቁት አራቱ ትልልቅ የሙዚቃ አሳታሚዎች፣ ማለትም ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ ቢኤምጂ፣ ዋርነርና ኢኤምአይ ናቸው። ከፊታችን ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ሁሉም ኩባንያ የየራሱን መቆለፊያ ይዞ እንደ አሁኑ መቀጠል። ሁለተኛው፣ አፕል ፌርፕሌይን ለሌሎች ኩባንያዎች በፈቃድ መስጠት። ሦስተኛው፣ መቆለፊያውን ጨርሶ ማንሣት። ሦስተኛው ለሸማቹ የሚበጅ ነው፤ አሳታሚዎቹ ከፈቀዱ አፕል ሳያመነታ ይቀበለዋል። ያልተደሰታችሁ ሁሉ ሂዱና አሳታሚዎቹን አሳምኑ። ከአራቱም ሁለት ተኩሉ ያሉት እዚያው አውሮፓ ነው።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሳነበው፣ "የወንድሜን ዘፈኖች ነጻ ለማውጣት የታገለ ሰው እነሆ!" ብዬ ነበር። ቋንቋው ቀላል፣ ክርክሩ እንደ ጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ደግሞም ትልቁን የቴክኒክ ነጥብ በትክክል ይናገራል። ከዚያ ልጀምር።

ትክክል የተናገረው፦ መቆለፊያው ለምን አይሠራም?

በመጀመሪያ የአሳታሚዎቹን ፍርሃት እንረዳላቸው። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ድምፁ እየደከመ፣ የጀርባ ጫጫታው እየጨመረ ይሄዳል። የቅጂ ቅጂ የቅጂ ቅጂ ሲደርስ ዘፋኙ ከበርሜል ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ይህ ድካም ራሱ ለአሳታሚው መከላከያ ነበር፤ ደህና ድምፅ የፈለገ ዋናውን ይገዛል። ዲጂታል ፋይል ግን የቁጥሮች ሰልፍ ነው። ሺህ ጊዜ ብትገለብጡት ሺኛው ከመጀመሪያው በአንድ ቢት አይለይም። በ1999 የመጣው ናፕስተር ይህንን ፋይል ከማያውቁት ሰው ኮምፒውተር በነጻ መውሰድን የልጅ ጨዋታ ሲያደርገው አሳታሚዎቹ ደነገጡ። ድንጋጤያቸው ተገቢ ነው። ዘፋኙም፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውም ዳቦ መብላት አለባቸው። እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ምስጠራ ነው። ፌርፕሌይ የሚሠራው በሁለት እርከን ነው። ዘፈኑ ራሱ በአንድ ቁልፍ ይመሰጠራል፤ ዋና ቁልፍ እንበለው። ይህ ዋና ቁልፍ ደግሞ በሌላ ቁልፍ ተመስጥሮ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውን የተጠቃሚ ቁልፍ እንበለው። የተጠቃሚውን ቁልፍ የሚሰጠው የአፕል ሰርቨር ነው፤ እሱም ፈቃድ ላገኙ ኮምፒውተሮች ብቻ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከ2004 ወዲህ አምስት ኮምፒውተሮች ድረስ ይፈቀድ ነበር። ሣጥኑ እናንተ ጋ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ሌላ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የትንሿን ሣጥን ቁልፍ የሚሰጣችሁ ግን ሻጩ ነው።

ምስጠራው ደካማ አይደለም። ኤኢኤስ የሚባለው ዘዴ 128 ቢት ቁልፍ ሲኖረው፣ ያሉት አማራጭ ቁልፎች ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ዕድሜ ልካችሁን ብትሠሩ ደጃፉን እንኳ አታልፉም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የምስጠራ ትምህርት ሲጀመር ሦስት ሰዎች አሉ። አልማዝ ለበቀለ ደብዳቤ ትልካለች፤ ከበደ ደግሞ መንገድ ላይ ጠልፎ ሊያነበው ይፈልጋል። አልማዝና በቀለ ቁልፉን ያውቃሉ፤ ከበደ አያውቅም። ባንካችሁም የቴሌግራም መልእክታችሁም የሚጠበቀው በዚህ ሐሳብ ነው። ሙዚቃ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዘፈኑ ለበቀለ ይላካል፤ በቀለ እንዲሰማው ይፈለጋል፤ ነገር ግን እንዳይገለብጠው የሚፈራው ሰውም ራሱ በቀለ ነው። በቀለና ከበደ አንድ ሰው ሆኑ! ለመስማት ቁልፉ የግድ በቀለ ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ገባ ማለት ደግሞ ምስጢር መሆኑ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ የተደበቀ ነገር ነው እንጂ ምስጢር አይደለም። የተደበቀን ነገር ደግሞ ጊዜና ጉጉት ያለው ሰው ያገኘዋል።

አገኙትም። መደብሩ በተከፈተ በወራት ውስጥ፣ በኖቬምበር 2003፣ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ ኖርዌጂያዊ ወጣት አንድ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ መቆለፊያውን ለመስበር እንኳ አልደከመም። ማጫወቻው ዘፈኑን ፈትቶ ወደ ድምፅ ሊቀይረው ሲል፣ የተፈታውን ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ ቀዳው። በቃ። ከዚያም በላይ፣ አፕል ራሱ ዘፈኑን ሲዲ ላይ መጻፍ ይፈቅድ ነበር። ሲዲውን መልሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትቀዱት፣ ትንሽ የድምፅ ጥራት ብታጡም፣ ያለ መቆለፊያ ታገኙታላችሁ።

ጆብስ ይህንን በደብዳቤው አልሸሸገም። ምስጢሩን ከተጠቃሚው ማሽን ላይ ደብቆ መኖር የድመትና የአይጥ ጨዋታ መሆኑን፣ ማንም ሰው በእንዲህ ዓይነት ምስጢር ላይ ያልተመሠረተ መቆለፊያ እንዳልሠራ በግልጽ ይጽፋል። ቀጥሎ የሚያቀርበው ቁጥር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳምናል። በ2006 በኦንላይን ተቆልፈው የተሸጡት ዘፈኖች ከ2 ቢሊዮን በታች ናቸው። በዚያው ዓመት እነዚያው አሳታሚዎች ያለ ምንም መቆለፊያ በሲዲ የሸጡት ደግሞ ከ20 ቢሊዮን በላይ። በአንድ መስኮት ብረት አስገጥሞ አሥር በሮችን ክፍት መተው ማለት ነው። ሊሰርቅ የፈለገ ሰው ከሲዲው ይቀዳል፤ ከሲዲው የተቀዳው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ሲዲውንስ ለምን አልቆለፉትም? ሶኒ ቢኤምጂ በ2005 ሞክሮት ነበር። ሲዲው ዊንዶውስ ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ሶፍትዌር እየጫነ መሆኑ ሲጋለጥ፣ ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ።

እስከዚህ ድረስ ደብዳቤው ግሩም ነው። አሁንም እንድታነቡት እመክራለሁ።

22 ዘፈን፦ አማካይ እንዴት እንደሚሸውድ

ከዚያ ግን ደብዳቤው ወደ ዋናው ክስ ይመጣል፤ "ደንበኞቻችሁን አስራችኋል" ወደሚለው። የጆብስ መልስ በሒሳብ ነው። እስከ 2006 መጨረሻ 90 ሚሊዮን አይፖድና 2 ቢሊዮን ዘፈን ሸጠናል። ሁለቱን ስናካፍል ለአንድ አይፖድ 22 ዘፈን ይደርሳል። ታዋቂው አይፖድ 1,000 ዘፈን ይይዛል። ስለዚህ አንድ አይፖድ ላይ ካለው ሙዚቃ የተቆለፈው ከ3 በመቶ በታች ነው። ለ3 በመቶ ብሎ ማን ይታሰራል?

ማካፈሉ ልክ ነው፤ በካልኩሌተር ሞክሩት። መደምደሚያው ግን ከማካፈሉ አይከተልም። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ አማካይ ሥርጭትን ይደብቃል። አሥር ጓደኛሞች አሉ እንበል። ዘጠኙ ምንም አልገዙም፤ አሥረኛዋ 220 ዘፈን ገዝታለች። አማካዩ 22 ነው፤ ነገር ግን 22 ዘፈን ያለው ሰው ከመካከላቸው አንድም የለም! ዘጠኙ መጀመሪያውንም ነጻ ናቸው። አሥረኛዋ ግን ማጫወቻ ልትቀይር ብትፈልግ 220 ዘፈን በ99 ሳንቲም፣ ማለትም 217 ዶላር ከ80 ሳንቲም ትታ መሄድ አለባት፤ የአዲስ ማጫወቻ ዋጋ ማለት ነው። መታሰር የአማካይ ሰው ጉዳይ አይደለም። ብዙ የገዛ፣ ብዙ ያመነ፣ ሕጉን ያከበረ ሰው ነው በይበልጥ የሚታሰረው። ወንድሜ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማካፈያው ራሱ ተነፍቷል። አይፖድ ለገበያ የቀረበው በ2001 መጨረሻ ነው፤ መደብሩ የተከፈተው በ2003። ከመደብሩ በፊት የተሸጡት፣ የተሰበሩት፣ የጠፉት፣ በአዲስ የተቀየሩት ሁሉ 90 ሚሊዮኑ ውስጥ ተቆጥረዋል። ዘፈን የሚገዛው ደግሞ ሰው ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት አይፖድ የቀያየረ ሰው ዘፈኖቹ ለሦስት ተከፍለው ነው የተቆጠሩት።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። መታሰር እንደ ዕቁብ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትከፍላላችሁ፤ ለመውጣት ስታስቡ ነው ምን ያህል ውስጥ እንደገባችሁ የሚታወቃችሁ። ዛሬ 22 የሆነው ነገ ምን ያህል ይሆናል የሚለውን ደብዳቤው አይጠይቅም።

የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ አማካይ ብቻ ጽፌ ሥርጭቱን ባላሳይ አማካሪዬ ወረቀቱን መልሶ ይሰጠኛል። ለስቲቭ ጆብስም ያው ነው።

ሁለተኛው መንገድና ያልተጠቀሰው ታሪክ

ፌርፕሌይን ለሌሎች መስጠት አይቻልም ይላል ደብዳቤው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የያዘው ምስጢር ይወጣል። ደግሞ በውላችን መሠረት መቆለፊያው ተሰብሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልጠገንነው አሳታሚዎቹ ሙዚቃቸውን በሙሉ ሊያወጡ ይችላሉ። ብዙ ኩባንያ በበዛ ቁጥር መጠገኑ ይከብዳል። ይህ እውነተኛ የኢንጂነሪንግ ችግር ነው፤ አልንቀውም። እንዲያውም ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ነበረው። ማይክሮሶፍት በ2004 ፕሌይስፎርሹር የሚባል መቆለፊያ ለብዙ ኩባንያዎች ሰጥቶ፣ በ2006 ዙን የተባለ የራሱን ማጫወቻ ሲያወጣ፣ ራሱ ለሌሎች ባከፋፈለው መቆለፊያ የተቆለፉ ዘፈኖች ዙን ላይ አልሠሩም!

ነገር ግን አንድ ታሪክ ተዘሏል። በጁላይ 2004 ሪል ኔትወርክስ የተባለ ኩባንያ ሃርመኒ የሚል ሶፍትዌር አወጣ። ሃርመኒ ፌርፕሌይን አልሰበረም፤ ከሪል መደብር የተገዙ ዘፈኖችን አይፖድ በሚረዳው ቅርጽ ይቆልፍ ነበር። ልብ በሉ፦ አንድም ዘፈን አልተሰረቀም። አሳታሚው ገንዘቡን አግኝቷል፤ ዘፈኑም እንደተቆለፈ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር አይፖድ የያዘ ሰው ከሌላ ሱቅ መግዛት መቻሉ ብቻ ነው።

አፕል ሪልን ከሰርጎ ገቦች ጋር አመሳሰለው። የቅጂ መከላከያን ማለፍ በሚከለክለው የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ አንጻር ጉዳዩን እያጤነው መሆኑን ገለጸ፤ ወደፊት በሚመጡ ማሻሻያዎች ሃርመኒ መሥራቱን ሊያቆም እንደሚችልም አስጠነቀቀ። ማሻሻያው መጣ፤ ሃርመኒም አይፖድ ላይ መሥራት አቆመ። ይህ ክርክር ቆይቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። በዲሴምበር 2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሰየመ ጁሪ ክስ የቀረበበት የአይቱንስ ማሻሻያ ለተጠቃሚው እውነተኛ መሻሻል ነው ብሎ ለአፕል ፈርዷል። በሕግ አፕል አሸንፏል፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ለእኛ ጥያቄ ግን ሃርመኒ ንጹሕ ሙከራ ነው። ስርቆትንና ውድድርን ለይቶ አሳየን። ስርቆት ዜሮ፣ ውድድር አንድ ሲሆን፣ መቆለፊያው የተዘጋው ውድድሩ ላይ ነው።

ሌላም ዝላይ አለ። አሳታሚዎቹ አስገድደውን ነው የምንቆልፈው ይላል ጆብስ። ስለ አራቱ ትልልቆች እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ኢሚዩዚክ የሚባል መደብር የብዙ ትንንሽ ነጻ አሳታሚዎችን ዘፈን ያለ መቆለፊያ ይሸጥ ነበር፤ በእነሱ ፈቃድ። ከእነዚሁ አሳታሚዎች ዘፈን አይቱንስ ላይም ይሸጣል፤ እዚያ ግን ተቆልፎ። የዘፈኑ ባለቤት "አትቆልፉት" ብሎ እያለ ማን ነው ያስገደዳቸው?

ፊልምስ? ጆብስ ያኔ ፒክሳርን ለዲዝኒ ሸጦ ከዲዝኒ ባለአክሲዮኖች ሁሉ በግል ትልቁ ሆኖ ነበር። አይቱንስ ፊልምም ይሸጣል፤ በፌርፕሌይ ተቆልፎ። የሰው ሙዚቃ መቆለፊያ ይነሣለት፤ ስለ ፊልሙ ግን ደብዳቤው ዝም።

ታዲያ በሩ በምን ተከፈተ?

ደብዳቤው በወጣ በሁለት ወር፣ ኤፕሪል 2፣ 2007 ኢኤምአይ ሙዚቃውን ያለ መቆለፊያ በአይቱንስ ለመሸጥ ተስማማ። የድምፅ ጥራቱ ከ128 ወደ 256 ኪሎቢት በሰከንድ አደገ፤ ዋጋውም ከ99 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ29። ሌሎቹ ሦስቱ ግን አስገራሚ ነገር አደረጉ። መቆለፊያውን አነሡ፤ ግን መጀመሪያ ለአፕል አይደለም። በሴፕቴምበር 2007 አማዞን ያልተቆለፈ ሙዚቃ መሸጥ ጀመረ፤ በጃንዋሪ 2008 አራቱንም ትልልቅ አሳታሚዎች ይዞ ነበር። አፕል አራቱንም ያለ መቆለፊያ ያገኘው በጃንዋሪ 2009 ነው። ያኔም የዘፈን ዋጋ አንድ ወጥ መሆኑ ቀርቶ 69 ሳንቲም፣ 99 ሳንቲምና 1 ዶላር ከ29 እንዲሆን ተስማምቶ።

ለምን አማዞን? መልሱ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ይመስለኛል። አሳታሚዎቹ ሌባን ፈርተው መቆለፊያ ጠየቁ። መቆለፊያውን የሠራው ግን አፕል ነው፤ ቁልፉም አፕል ጋ ነው። ሰዉ ሁሉ አይፖድ ይዟል፤ አይፖድ ላይ የሚሠራ የተቆለፈ ዘፈን የሚሸጠው አፕል ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚወስነውም አፕል ሆነ። በራሳቸው ጥያቄ የተሠራ ጓጉንቸር እነሱኑ ከሰሳቸው። ከዚህ ለመውጣት ያለው መንገድ አንድ ነበር፤ አይፖድም ላይ ሌላም ላይ የሚሠራ ያልተቆለፈ ፋይል ለአፕል ተፎካካሪ መስጠት። ማለትም ሸማቹን ነጻ ያወጣው የሁለት ኃያላን መጎሻሸም ነው። የደብዳቤው ውበት ረድቶ ይሆናል፤ ሥራውን የሠራው ግን ጉልበት ነው።

የድሮ ደንበኞችስ? በ2009 አፕል ቀድሞ የተገዙ ዘፈኖችን በእያንዳንዱ 30 ሳንቲም ጨምረው ከከፈሉ ወደ ያልተቆለፈው እንዲቀይሩ ፈቀደ። የድምፅ ጥራቱ መሻሻሉ እውነት ነው። ቢሆንም የገዛኸውን ቤት ቁልፍ እንደገና መግዛት ነው ነገሩ።

ሰርቨሩ ሲጠፋ

ከዚህም የባሰ ነበር። ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሙዚቃ የሚባል መደብር ነበረው። መሸጥ ካቆመ በኋላ፣ በኤፕሪል 2008 ለደንበኞቹ፣ ከኦገስት 31 በኋላ ለአዲስ ኮምፒውተር የቁልፍ ፈቃድ አንሰጥም ብሎ ጻፈላቸው። ዘፈናችሁ ፈቃድ ያለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ሲሞት ዘፈኑም አብሮ ይሞታል ማለት ነው። ጩኸት በዛና ሰርቨሩን እስከ 2011 መጨረሻ ለማቆየት ቃል ገባ። በዚያው 2008 ያሁም የሙዚቃ መደብሩን ሲዘጋ ቁልፍ መስጠቱን አቁሟል።

ካሴት ይበጠሳል፣ ሲዲ ይጫጫራል፤ ይህ የቁስ ዕጣ ነው። እዚህ ግን ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ አንድ ቢት አልተበላሸበትም። የሞተው በሺዎች ኪሎሜትር ርቀት ያለ፣ ለሌላ ሰው የማያዋጣ ኮምፒውተር ነው። በኢንጂነሪንግ ቋንቋ፣ ሙዚቃችሁ ውስጥ እናንተ የማትቆጣጠሩት፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም የሚወድቅበት ነጥብ ተተክሏል ማለት ነው።

"ዛሬ እኮ ማንም ዘፈን አይገዛም፤ ሁሉም በወርኃዊ ክፍያ ያዳምጣል" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ከነዚህ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት ለመስማት የምታወርዱት ዘፈን ግን ያው ምስጠራ ያለበት ነው፤ ክፍያው ሲቆም ይዘጋል። ልዩነቱ ይህ ኪራይ መሆኑን አስቀድማችሁ ማወቃችሁ ነው፤ በዚህ ረገድ ከድሮው ይልቅ ሐቀኛ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ኪራይ ሆኖ ሳለ "ግዛ" የሚል አዝራር የተለጠፈበት ነገር ነው። በጁላይ 2009 አማዞን፣ አሳታሚው የመብት ችግር ነበረበት ብሎ፣ ሰዎች ከፍለው የወሰዱትን መጽሐፍ ከኪንድላቸው ላይ ከርቀት አጠፋ፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ከጠፉት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል "1984" ነበር። ቀልድ አይመስልም?

ከእናንተ መካከል ነገ ሶፍትዌር የምትሠሩ አላችሁ። አንድ ቀን አለቃችሁ "ደንበኛው ፋይሉን ከእኛ ውጪ እንዳይከፍት አድርጊው" ይላችኋል፤ ምክንያቱም ስርቆት ነው ይላችኋል። ያኔ የሃርመኒን ሙከራ አስታውሱ። ስርቆቱን ዜሮ አድርጋችሁ ጠይቁ፦ ምንም የማይሰርቅ፣ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ተፎካካሪ ቢመጣ ይህ መቆለፊያ ያስገባዋል? ካላስገባው የምትሠሩት የሌባ መከላከያ አይደለም።

ገዢ ስትሆኑ ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ያጥራል፦ ሻጩ ነገ ቢጠፋ ይህ ነገር ይከፈታል? ዛሬውኑ ሞክሩት። ስልካችሁን ከኢንተርኔት አውጡ፣ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ "የእኔ" የምትሉትን ሙዚቃና መጽሐፍ በሌላ መተግበሪያ ለመክፈት ሞክሩ። የሚከፈተው የእናንተ ነው።

የወንድሜ ፎልደር አሁንም ሃርድ ዲስኬ ላይ አለ። አንድ ጊጋባይት ተኩል ገደማ ይሆናል። የዘፈኖቹ ርዕስ ይታያል፣ የዘፋኞቹ ስም ይታያል፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሆነም ይታያል። አልፎ አልፎ አንዱን እነካዋለሁ፤ ፈቃድ የለህም ይለኛል።